በቀይ ቀለም የጻፍኩት ስም

ከደባርቅ የወጣሁት በማለዳው አውቶቡስ ነው። የሌላው ሰው የስደት ታሪክ በጨለማና በድንበር ይጀምራል፤ እኔ ግን ፓስፖርቴን በኪሴ፣ የስኮላርሺፕ ደብዳቤዬን በደረቴ ይዤ፣ እንደ ሙሽራ ተሸኝቼ ነው የሄድኩት። አብረውኝ የሚያስተምሩት መምህራን መናኸሪያው ድረስ መጥተው ነበር። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። አንዱ ጓደኛዬ፣ "እንግዲህ ቻይና ስትገባ ልጆቹ 'ደባርቅ! ደባርቅ!' እያሉ ይከተሉህ" ብሎ አሳቀን። የመንገድ ሥራ ቻይኖች ወደኛ አገር ከመጡ ወዲህ የኛ ልጆች ማንኛውንም ፈረንጅ ባዩ ቁጥር "ቻይና! ቻይና!" እያሉ መሮጥ ለምደው ነበርና ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የሚኖሩት ዳባት ነው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዳዊት ሲጽፉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ቁም ጸሐፊ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። እኔም ዲያቆን ሆኜ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ጽሕፈቱን ተምሬ ነበር፤ በኋላ የአስኳላው ትምህርት ወሰደኝና የሳይንስ አስተማሪ ሆንኩ። አውቶቡሱ ሰው ሊጭን ዳባት ላይ ቆም ሲል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገድ ዳር ቆመው አየኋቸው። መስኮቱን ከፈትኩ። በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ብልቃጥ አቀበሉኝ።

"ቀዩ ቀለም ነው" አሉኝ። "ጥቁሩን የትም አታጣውም። ቀዩን ግን እንደኔ የሚያወጣው የለም።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ የምሄደው ስለ አፈርና ውሃ ጥበቃ ልማር ነው።"

"ቢሆንም ያዘው።"

ረዳቱ "ሳበው!" አለ፤ ተለያየን። አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ ብልቃጧን ከእጄ አላወረድኳትም። እዚያ የስንዴ ጆንያ ተሸክሞ የተሳፈረ ሰውዬ ትከሻዬን ገጨኝና "ይቅርታ ወንድሜ፣ አመመህ?" አለኝ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። ሰውዬው ደንግጦ ጆንያውን አስቀምጦ ሲያሻሸኝ፣ ትከሻዬ አለመሆኑን እንዴት አድርጌ ልንገረው? ዝም ብዬ ታሸሁ።

የገባሁባት ከተማ በደቡብ ቻይና በኩል ያለች ናት። ስሟን ብጽፍላችሁ ምላሳችሁ ይታሰራል፤ ትቼዋለሁ። የበጋዋን ሙቀት ለማወቅ የተከዜን ቆላ አስቡና ላዩ ላይ የረጠበ ብርድ ልብስ ጣሉበት። ሰዉ ደግሞ በዚያ ሙቀት የፈላ ውሃ ይጠጣል! ሻይ የለበት፣ ስኳር የለበት፣ ውሃ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፕሮፌሰር ቢሮ ገብቼ ሲቀርብልኝ ሻይ ቅጠሉን እስኪያመጡልኝ ብዬ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ቀዘቀዘ። ደባርቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ለእንግዳ ብታቀርቡ ዘመድ ይቆረጣል። አሁንማ እኔም ለምጄ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሳይ ሆዴን ያመኛል።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ ሦስተኛውን ስቀጥል "ዶርም የለም፣ ውጪ ተከራይ" ተባልኩ። ቤት ፍለጋ ወጣሁ። አንዷ አከራይ በሩን በሰንሰለት እንደያዘች በክፍተቱ አጮልቃ አየችኝ።

"ከየት ነህ?"

"ከኢትዮጵያ።"

"እሱ አፍሪካ ውስጥ ነው?"

"አዎ።"

"ከበሮ ትመታለህ?"

"ኧረ አልመታም።" ዋሽቼ ነው፤ ዲያቆን ከበሮ ሳይመታ ይቀራል? ግን በእሷ ሳሎን ማኅሌት ልቆም አላሰብኩም።

"ቤቱ ተይዟል" አለችና ድርግም አደረገችው። "የሚከራይ" የሚለው ወረቀት ግን ለብዙ ጊዜ እዚያው በሯ ላይ ተለጥፎ አየው ነበር። የከበሮውን ጉዳይ እስከ ዛሬ ስታስብበት ይሆናል።

እንዲህ እየዞርኩ ሳለ አሮጌው ሰፈር ውስጥ አንድ በር ላይ ቆምኩ። ቻይኖች ለአዲስ ዓመት በበሩ ግራና ቀኝ ረጃጅም ቀይ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ በላዩ በጥቁር ቀለም የምርቃት ቃል ይጻፍበታል። ብዙው ሰው ከገበያ የታተመውን ይገዛል። ይሄኛው ግን የእጅ ጽሕፈት ነበር። የቁም ጸሐፊ ልጅ ነኝና ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

"ማንበብ ትችላለህ?" አሉኝ።

"ግማሹን። ግን ጸሐፊው እዚህች ሦስተኛዋ ፊደል ላይ እጁ ደክሞታል።"

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። "አልደከመኝም" አሉ። "ሚስቴ እየጠራችኝ ነበር።"

ሼን ላኦሺን የተዋወቅኩት እንዲህ ነው። ላኦሺ ማለት መምህር ማለት ነው፤ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸውን አዪ እላቸዋለሁ፤ እንደኛ "አክስቴ" እንደ ማለት ነው። ቤቱ በአዪ ስም ነው፤ ትእዛዙም የአዪ ነው። ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ከማሳየታቸው በፊት ደረጃው ሥር አቁመው ሕጋቸውን አወረዱብኝ። ጫማ ደጅ ይቀራል፣ ስልክ በለሆሳስ ይወራል፣ ያልታወቀ እንግዳ አይገባም። ሁሉንም እሺ አልኩ። ምን ላድርግ? እዚያ አገር የውጭ ዜጋ የቤቱ ባለቤት ካልፈረመለት ፖሊስ አይመዘግበውም፤ ካልተመዘገበ የመኖሪያ ፈቃድ አይታደስለትም፤ ካልታደሰ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሀገሩ ነው። የኔ ዶክትሬት በአዪ ፊርማ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ሰው ግን ሲለምዱት ሌላ ነው። አዪ መጀመሪያ ሳምንት የአሳማ ሥጋ አቀረቡልኝ። "ጾም ነው" አልኩ። በሌላ ሳምንትም፣ "ጾም ነው።" ፍስክ ሲሆንም አሳማ እንደማልበላ ስነግራቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"አምላካችሁ ምግብ ላይ ምን ቂም አለው?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ረቡዕና ዓርብን ከኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ሆኑ። ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቶፉ የሚባል ነገር አለ፤ መልኩ አይብ ነው፣ ጣዕሙን የምታመጡለት እናንተው ናችሁ። እሱን በበርበሬ ጠብሰው "ዛሬ ዓርብ ነው፣ ብላ" ይሉኛል። አንድ ቀን ረስቼ በዓርብ እንቁላል ሳነሳ እጄን በቾፕስቲካቸው፣ በመብያ እንጨታቸው፣ ጠቅ አደረጉኝ። የነፍስ አባቴ እንኳን እንዲህ አልጠበቁኝም።

ከሼን ላኦሺ ጋር ደግሞ በጽሕፈት ገጠምን። ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምሩኛል። ቀለማቸው እንደ ጣት የረዘመ ደረቅ ጥቁር ዱላ ነው፤ ውሃ ጠብ እያደረጉ በድንጋይ ላይ በዝግታ ይፈጩታል። ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኳቸው። ከጥድ ጥላሸትና ከሙጫ ነው አሉኝ። አባቴ ጥላሸት ከድስት ቂጥ ፍቀው፣ ገብስ አሳርረው፣ ለወራት እያቦኩ የሚያዘጋጁት ቀለም ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው ወንድሙ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄጄ የድስት ቂጥ ሸተተኝና ደስ አለኝ!

መጀመሪያ ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። አባቴ የሚጽፉት እንደዚያ ነዋ። ሼን ላኦሺ ከላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ወንበሩ አልተመቸህም?"

"እኛ የምንጽፈው እንዲህ ነው።"

"ጉልበትህ ሲያረጅ ምን ልታደርግ ነው?" አሉ። ቀልደው ነው፤ ሲቀልዱ ፊታቸው አይንቀሳቀስም። ብሩሹን ቀጥ አድርጌ ክንዴን ሳላስደግፍ መያዝ ለመማር ስድስት ወር ፈጀብኝ። የኛ መቃ ብርዕ ዘንበል ብሎ ይጫናል፤ የነሱ ብሩሽ ግን ከተጫናችሁት ያብጣል፣ ከፈራችሁት ይሰነጠቃል። ሼን ላኦሺ ስሳሳት አይቆጡም። "አሁን የጻፍከው 'ደን' ሳይሆን የተቃጠለ ደን ነው" ይላሉ፤ አፈር ጥበቃ መማሬን ስለሚያውቁ።

እሑድ ማለዳ መናፈሻው አብረን እንሄዳለን። ሽማግሌዎች ተሰልፈው ታይቺ የሚባለውን ስፖርት ይሠራሉ። እጃቸውን በዝግታ ያነሳሉ፣ ያዞራሉ፣ ያወርዳሉ፤ ወገባቸው ዘንበል ይላል። መጀመሪያ ቀን ወረብ መሰለኝና ከኋላ ሆኜ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ከዛፍ ሥር ደግሞ ኧርሁ የሚጫወት ሰውዬ አለ። ኧርሁ ማሲንቆ ነው፣ አንድ ክር ጨምረውበት። የኛ አዝማሪ ቢሆን ይሄኔ ቁመቴንና ፀጉሬን አንስቶ ቀድዶ ሰፍቶኝ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስተኛ ነበርኩ። ስደተኛ ተመቸኝ ሲል አገሩን የከዳ ይመስለዋልና ብዙዎቻችን ይህን አንጽፍም። እኔ ግን ተመችቶኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሼን ላኦሺ ልባቸውን አሟቸው ሆስፒታል ከረሙ። ከወጡ ከአንድ ወር በኋላ ሰባ ዓመት ሞላቸው። ሰባኛ ልደት ለነሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጃቸው ከነባሏ ከሌላ ከተማ መጣች፣ ጎረቤት ተጠራ፣ አዪ ዕድሜ እንዲረዝም የሚበላውን ረጅም ፓስታ ሠሩ። እኔ ምን ልስጣቸው ብዬ ስጨነቅ ሰንብቼ ብልቃጧ ትዝ አለችኝ።

ሁለት ሌሊት ሠራሁበት። ትልቅ ወረቀት ላይ ዙሪያውን በሐረግ አስጌጥኩ። በኛ ፊደል ዕድሜና ጤና ተመኘሁላቸው፤ በጥቁር። መሐል ላይ የስማቸውን ሦስት የቻይና ፊደላት፣ እንዲከበሩ ብዬ፣ በአባቴ ቀይ ቀለም ጻፍኩ። በኛ መጽሐፍ በቀይ የሚጻፈው ክቡር ስም አይደል? ደግሞ አገሩ ሁሉ ቀይ ነው! የበር ወረቀቱ ቀይ፣ የሙሽራ ልብስ ቀይ፣ ፋኖሱ ቀይ፤ የሼን ላኦሺ ማኅተም ራሱ ስማቸውን በቀይ ነው የሚያትመው። ማንንም ሳልጠይቅ እርግጠኛ ሆንኩ።

እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት ዘረጋሁት። ጭብጨባ ስጠብቅ ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት ጎረቤት አፏን በእጇ ያዘች። አዪ መጥተው ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡት። ሼን ላኦሺ ተነስተው መኝታ ቤት ገቡ። ልጃቸው ወደ ደጅ ወሰደችኝ።

"በሕይወት ያለ ሰው ስም በእጅ በቀይ አይጻፍም" አለችኝ። "በቀይ የሚጻፈው የሞተ ሰው ነው፣ ወይም ሊገደል የተፈረደበት።"

"ማኅተማቸው ቀይ አይደለም እንዴ?"

"ማኅተም ሌላ ነው።"

"የበሩ ወረቀትስ?"

"ወረቀት ሌላ ነው! እጅህ ነው የጻፈው፣ እጅህ!"

ምድር አልተከፈተችልኝም። ከሞት አፋፍ የተመለሱትን ሰው፣ በልደታቸው ቀን፣ ፓስታው ሳይበርድ ቀበርኳቸው። በማግስቱ አዪ ደረጃው ሥር ጠበቁኝ። "እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልግ" አሉኝ። ፈቃዴ የሚታደሰውም በዚያው ወር ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ ያለ አከራይ ፊርማ የሚሆን ነገር ካለ ብዬ። መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ቅጹን አወጣ።

"ከቤቱ ለምን አስወጡህ?"

"ስም በቀይ ስለጻፍኩ።"

መጻፉን አቆመ። "የማንን?"

"የአከራዬን ባል።"

"ሰውዬው ጤነኛ ናቸው?"

"በቅርቡ ከሆስፒታል ወጥተዋል።"

ጠረጴዛው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበውና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "የቤቱን ባለቤት ይዘህ ና" አለኝ።

ዳባት ደወልኩ። አባቴ ስልክ ላይ ብዙ አይናገሩም፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳን "ና" ብለውኝ አያውቁም። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው፤ ቤት ካላገኘሁ ትምህርቴን ትቼ ልመለስ እንደምችልም ነገርኳቸው።

"በየትኛው ቀለም ነው የጻፍከው?" አሉኝ።

"በእርስዎ።"

"በኔ ቀለም! የፈጣሪን ስም፣ የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳንን ስም የምጽፍበትን ለቤት አከራይ?"

"አባዬ፣ ዳዊት ላይ ያጻፈው ሰው ስምም እኮ አንዳንዴ በቀይ ይጻፋል።"

"እሱማ አጻፈ! ይሄኛው ምን አጻፈህ?" ብለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እንግዲህ እዩት፤ ባንድ ስም በሁለት አገር ተፈረደብኝ። እዚህ ሰው ገደልክ፣ እዚያ ሰው አጸደቅክ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሼን ላኦሺ ከልደቱ ወዲህ አላናገሩኝም ነበር። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው ቀለም ሲፈጩ አየኋቸውና፣ የመጣው ይምጣ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ላኦሺ፣ አባቴም ተቆጥተውኛል።"

እጃቸው ቆመ። "እሳቸው ደግሞ ለምን?"

"ቀዩ ቀለም የአባቴ ነው። እኛ ዘንድ በቀይ የሚጻፈው የአምላክና የቅዱሳን ስም ነው። ከቅዱሳን ጋር አስቀመጥከው ብለው ነው።"

ሼን ላኦሺ ቀለሙን አስቀመጡ። "እነዚያ ቅዱሳን በሕይወት አሉ?"

"ኧረ የሉም። አርፈዋል።"

"እንግዲያው ሚስቴ ልክ ናት!" አሉና በሳቅ ፈነዱ። ያ የማይንቀሳቀስ ፊት! ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ደንግጬ ጀርባቸውን ያዝኩ፤ በእጃቸው ተው ተው ይሉኛል፣ ደግሞ ይስቃሉ። ሲበርድላቸው እንባቸውን ጠርገው፣ "ጎረቤቶቹ ግን ጥሩ ናቸው፤ መጥፎ ቦታ አላስቀመጥከኝም" አሉ። ወረቀቱን አመጡ። ቀዩን ስም፣ ጭረት በጭረት፣ በራሳቸው እጅ ጥቁር ደረቡበት። ሲጨርሱ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው "ተነሳሁ" አሉኝ።

ሳቁን ሰምተው አዪ ከኩሽና ወጡ፤ ሽንኩርት የሚከትፉበት ቢላዋ በእጃቸው ነው። ሼን ላኦሺ የነገርኳቸውን ደገሙላቸው። አዪ አልሳቁም።

"ለዚህ ልጅ ዓርብ ዓርብ የሚያበስልለት ማን ነው?" አሉ ባላቸውን።

"አንቺ።"

"ዝናብ ሲመጣ ልብሱን ከገመድ የሚሰበስብለትስ?"

"አንቺ።"

"ታዲያ በቀይም በጥቁርም የሚጻፈው ያንተ ስም ነው?" ወደኔ ዞሩ። "የኔ የት አለ? በሁለት ዓመት አንድ ቀን ጽፈኸው ታውቃለህ?"

አይ እኔ!

"ቁጭ በል" አሉኝ። "ጻፍ። በጥቁር!"

ጻፍኩ። በሌላ ወረቀት ላይ፣ ቢላዋውን እንደያዙ ከላዬ ቆመውብኝ ጻፍኩ። ሁለተኛዋ ፊደል ወፈረች። "እኔ እንዲህ ወፍራም ነኝ?" አሉ፤ ሆኖም ሁለቱንም ወረቀት ወስደው የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ፣ የራሳቸውን ከባላቸው ስም ከፍ አድርገው ሰቀሉ። ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ይዘውኝ ሄዱ። ወጣቱ መዝጋቢ "ታረቃችሁ?" ሲል፣ "ቅጹን አምጣ፣ ሥራ አለብኝ" ብለው የዓመቱን ፈረሙልኝ። ስንመለስ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ ስኳር ድንች ገዝተው አጋመሱኝ። ያን ቀን በከተማዋ እንደኔ ደስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ማታውኑ ዳባት ደወልኩ። ደስታዬን የምነግረው ሌላ ማን አለኝ?

"አባዬ፣ ታረቅን! አላስወጡኝም። ለዓመትም ፈረሙልኝ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ? ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "እግዚአብሔር ይስጣቸው። ደግ ሰዎች ናቸው።"

"አሁንም በቀለሙ ተቆጥተውኛል?"

"ኧረ የምን ቀለም።" ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "ልጄ፣ ለካህን ሳልነግር ለአንተ ልንገርህ። ሊያስወጡኝ ነው ያልከኝ ዕለት ስልኩን ዘግቼ ማርያም ሄድኩ። ስለት ተሳልኩ።"

"እንዳያስወጡኝ?"

"እንዲያስወጡህ" አሉኝ።